ጥበቡና ልጆቹ

ሮም፣ መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሸብር ጥበቡ፤

አዲሱ ዓመት ለአንተና ለቤትህ የጤናና የእርቅ ዓመት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ስልክ መስማት ከተወ ቆይቷል፤ የሚያወራኝ ሰው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ስትደውሉልኝ የከረማችሁ ሁሉ ድካማችሁን ተዉና ጻፉልኝ። አስተማሪዎቻችን ያን ሁሉ አርጩሜ የጨረሱብን ለዚሁ ነበር።

የምጽፍልህ ለቁም ነገር ነው። የምኖርበትን ቤት ባለቤቶቹ ሊሸጡት ነው። እዚሁ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ሌላ ቤት አይጠፋም፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ደረጃ እንደገና መልመድ አልፈልግም። የፔንሲዮኔዬንም፣ የጡረታዬን፣ ጉዳይ ጨርሻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ጠቅልዬ አገሬ እገባለሁ። የማርፈው ጉለሌ አባታችን ቤት ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተና ከፍያለው አውሮፕላን ማረፊያ አብራችሁ ቆማችሁ ተቀበሉኝ፤ በአንድ መኪናም ውሰዱኝ። አንዳችሁ ብቻውን ቢመጣ ሻንጣዬን ይዤ እዚያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ከማንኛችሁም ጋር አልሄድም። ይህንኑ ለከፍያለውም ጽፌለት እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። እሱ መልስ ካዘገየ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ በልጅነቱም እንደዚሁ ነበር።

ለምን አሁን ትለኝ ይሆናል። በቀደም በቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ በኩል ሳልፍ በቅርቡ ባሕር አቋርጦ የመጣ የአገራችን ሰው አየሁ። የለበሰው ቱታ ባቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለው፤ የከፍያለው ሥራ መሆኑን አወቅሁ። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት፤ ጉለሌ አለኝ። የአቶ ጥበቡ ልጅ ነኝ ብለው ደስ የሚለው መስሎኝ ነገርኩት። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "እማማ፣ ከየትኛው ወገን ነዎት? ከጥበቡ ስፖርት ነው ወይስ ከገስጋሽ?" አለኝ። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለው፣ ማደሪያ የለው፣ የሚያሳስበው ግን የእኔ ወገን ነው። እኔም ወገን የለኝም ብዬው ሄድኩ።

እኔ የማውቀው "ጥበቡና ልጆቹ ልብስ ስፌት" የሚለውን አንድ ታፔላ ነው። የመጀመሪያውን ኦቨርሎክ ማሽን ከዚህ የላክሁት አንተ እንድትቆርጥ፣ ከፍያለው እንዲሰፋ ነበር። ለትምህርት ቤቶች ቱታና ማሊያ መሥራት ጀመራችሁ፤ ደንበኛ በር ላይ ተሰለፈ። ከዚያ በአንዱ የስፖርት በዓል ልጆቹ ሲሮጡ ሱሪያቸው ተተረተረ። ከፍያለው አንተን፣ ጨርቅ ልቆጥብ ብለህ በአግድሙ ቆረጥከው አለህ። ጨርቁ በአግድሙ ይሳባል፣ በቁመቱ አይሳብም፤ ይህን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። አንተ ደግሞ ጨርቁ ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነበር አልክ። እሱ በሠራተኞች ፊት መቀሱን ከእጅህ ቀማህ፤ አንተ ግማሹን ሠራተኛ ይዘህ ከመንገዱ ማዶ ገስጋሽ ስፖርትን ከፈትክ፤ እሱም የቀረውን ቤት ጥበቡ ስፖርት ብሎ ሰየመው። ማን እንደተሳሳተ አልጠይቅህም፤ ጨርቁን አላየሁትም። ግን ሁለታችሁም ሸምግላችኋል፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ይብቃችሁ።

አምላክ ልብህን ያለስልሰው። መልስ ስትጽፍ ቀኑን አትርሳ፤ ያለፈው ደብዳቤህ ቀን አልነበረውም።

እኅትህ ጤናዬ ጥበቡ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ጤናዬ፤

ያሉበት አገር ክረምት እንዳይበረታብዎ፣ ጉልበትዎም እንዳይከዳዎ እየለመንኩ ከነቤተሰቤ እጅ እነሳለሁ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ቀኑን እንዳዘዙኝ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሊመጡ መሆኑን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ስለ አቀባበሉ የጻፉት ከበደኝ። ጋሼ ከፍያለው ከቆመበት አልቆምም አልልም፤ ግን እሱ ይጀምር። ታላቅ እሱ ነው፤ መቀሱንም የወሰደው እሱ ነው። እርስዎ ሮም ልብስ ስፌት ቤት የሠሩ ሰው ስለሆኑ፣ አንድን ቆራጭ በገዛ ሠራተኞቹ ፊት መቀሱን መቀማት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። እንግዲህ ይቅርታ ይጠይቀኝ እንኳ አላልኩም። አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ በዚያው ሠራተኛ ፊት "ና ቁረጥ" ይበለኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም። ብዙ ሽማግሌ ልኬበታለሁ፤ ለሁሉም የሰጣቸው መልስ "እሱ መጥቶ ይጠይቀኝ" የሚል ነው።

ሰፈሩም ሲሄዱ እንደተዉት አይደለም። ሰው ሰላም ከመባባሉ በፊት አንዱ የሌላውን ሱሪ ያያል። ሁለት መስመር ያለው እኛ ሱቅ አይገባም፤ የእኛ ሠያፍ መስመር ያለበትም ከእነሱ ወገን ዳቦ ቤት አይገዛም። እድሩ እንኳ ለሁለት ተከፍሏል። የእኛ ሠራተኞች ከድሮው እድር ወጥተው የራሳቸውን ድንኳንና ወንበር ገዙ። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ አልከለከልኳቸውምም።

ጋሼ አሞታል ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ግን በመኪና ሲያልፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ደኅና ነው። እንደ ወትሮው ፊቱን አዞረብኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጣሊያኖች በብርድ ጊዜ የሚለብሱት፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቱታ አለ፤ የእጅጌው ጫፍ ቢታጠብ ቢታጠብ አይላላም ይባላል። አንድ ቢልኩልኝ ፈትቼ አየዋለሁ። ለጋሼ ግን እንዳይነግሩት አደራ።

ዕድሜ ይስጥልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ አሸብር ጥበቡ


ሮም፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሸብር፤

ጥምቀትን በሰላም እንዳሳለፋችሁ አምናለሁ፤ ዓመቱንም እንዲሁ ያሳልፋችሁ። እኔን ብርዱ ጉልበቴ ላይ ይዞኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ቱታውን በተመለከተ፣ ከፍያለውም አምና ይኸንኑ ለምኖኝ ነበር፤ ያውም "ለአሸብር እንዳትነግሪው" ብሎ። የአንድ አባት ልጆች ስለመሆናችሁ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም። ሄጄ ሁለት ገዛሁ፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ልክ። ሻጩ ለመንታ ልጆች ነው ወይ አለኝ። ጥርሳቸውን ለጨረሱ ሕፃናት ነው አልኩት። ወደዚያ ለምትሄድ ሴት ሁለቱንም ሰጥቻታለሁ፤ አንዱን ለአንተ፣ ሌላውን ለከፍያለው ታደርሳለች። ሁለታችሁም አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ፍቱት። ለየብቻ ከፈታችሁት ሁለተኛ ክር እንኳ አልልክም።

ከፍያለው ዛሬም አልጻፈልኝም። አሞታል ካልከኝ ወዲህ በየእሑዱ ስሙን ከሕሙማን ጋር ለካህኑ እየሰጠሁ አስጸልይለታለሁ። ፊቱን አዞረብኝ ብለህ አትቁም፤ ሄደህ ጠይቀው። በመካከላችሁ ያለው የመኪና መንገድ ነው እንጂ ባሕር አይደለም።

እዚህ ደግሞ የሰዉ ጠባይ ተለውጦብኛል። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ጆሮዬ ባይሰማም የሚዘጋ አፍ አያለሁ። ሁልጊዜ በወንበሩ ጫፍ የምቀመጠውን እኔን፣ መሐል ተቀመጪ እያሉ ያስቸግሩኛል። ሲኒት የምትባል ኤርትራዊት ጎረቤት አለችኝ፤ ጥሩ ልጅ ናት። ሳልጠይቃት ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ዓይኗ እንባ ይሞላል፣ ተነስታ ትሄዳለች። ከባሏ ጋር የተጣላች መስሎኝ ስለ ትዕግሥት ረዘም አድርጌ መከርኳት። "እሺ እማማ" አለችኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ዘመንፈስቅዱስም በየሳምንቱ ከቤት ደብዳቤ ደርሶኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ባለፈው እሑድ አዎን ደርሶኛል አልኳቸው።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ቱታ ላኪልኝ ይላል።"

ክንዴን ይዘው አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ። ከዚህ በፊት ሸኝተውኝ አያውቁም። ልሄድ መሆኔን ሰምተው ይሆናል።

ትኬቴን ለሰኔ መጨረሻ ቆርጫለሁ። አሁን የምፈልገው ተስፋና ማብራሪያ አይደለም፤ "ሁለታችንም እንቆማለን" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

እግዚአብሔር ከቁጣ ይጠብቃችሁ።

እኅትህ ጤናዬ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ጤናዬ፤

ጾሙን በብርታት እንዲፈጽሙ፣ ሰውነትዎንም እንዳይጎዱ እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዕድሜዎ ግዴታ የለብዎትምና ቢበሉ አምላክ አይቀየምም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ቱታውም ደርሷል። አልፈታሁትም፤ እንደታሸገ አስቀምጬዋለሁ።

ሰሞኑን የልጅነታችን ነገር ትዝ ይለኛል። እኔና ጋሼ ለትምህርት ቤት ሩጫ አንድ ሸራ ጫማ ለሁለት ነበረን። እሱ ሮጦ እንደጨረሰ ከመስመሩ ላይ ሳይነሳ ጫማውን ያወልቅልኝና ክሩን ራሱ ያስርልኝ ነበር። ላብ የነካው ጫማ እግሬ ውስጥ ሞቅ ሲል ዛሬም ይሰማኛል። እሱ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ ነበር፤ እኔ አንድም ቀን አልወጣሁም።

እትዬ፣ ለመምጣት አይቸኩሉ። ቤቱም ዕድሳት ይፈልጋል፤ ክረምቱ ይለፍ። ስለ መቀሱ የጻፍኩልዎትንም ይርሱት።

የጠቀሷቸውን የአቶ ዘመንፈስቅዱስን አድራሻ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ሲኒት ያሏት ልጅስ ቅርብዎ ናት? አብራዎት የሚሆን ሰው አለ?

አምላክ ያበርታዎ።

ወንድምዎ አሸብር


ሮም፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአሸብር፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። እኔ ጾሜን እየጾምኩ ነው፤ አምላክ ስለሚቀየምበትና ስለማይቀየምበት ከአንተ አልማርም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከላክህልኝ ሁሉ በጥሩ እጅ የተጻፈው ይህ ነው። አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ አሳምረህ የምትጽፈው ስትደብቅ ነው። ኅዳር ላይ የጻፍከው ቢሆን ፊደሉ እየተጋፋ፣ ቁጣህ እየታየ፣ እውነተኛ ደብዳቤ ነበር። አሁን ግን ጋሼ ጫማዬን አሰረልኝ ትላለህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ መቀስ ስትነግረኝ የኖርክ ሰው ዛሬ መቀሱን ይርሱት አልከኝ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ምን እንደሠራህ ልገምት። ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የከፍያለውን ፋብሪካ አስዘግተህበታል፤ ድል አድርገሃልና አሁን ልብህ ራርቷል። ወይም ሁለታችሁ የአባታችንን ቤት አጥር አጥራችሁ ተካፍላችሁታል፤ እኔ መጥቼ እንዳላይ ነው ክረምቱ ይለፍ የምትለኝ። ቤቱ ዕድሳት ይፈልጋል ማለትህም ለዚሁ ነው። እኔ ግን አልሞኝም። አጥር ካለ አፍርሱት። ፋብሪካውን ከዘጋህበት ክፈትለት። ማን ማንን እንዳሸነፈ ለመስማት አይደለም ዕድሜዬን እዚህ የጨረስኩት።

የአውሮፕላን ማረፊያውንም ነገር ትቼዋለሁ። ሁለታችሁ አብራችሁ ቁሙ አልልም። ለየብቻ ኑ፤ በየመኪናችሁ ኑ፤ ፊታችሁንም አዙሩ። እኔ መሐላችሁ እሄዳለሁ። ከዚህ በታች መውረድ አልችልም።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ከከፍያለው እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ስድብም ቢሆን ይሁን። በሱ እጅ ይሁን እንጂ የፈለገውን ይጻፍ። ሄደህ በሩን አንኳኳና አጽፈው።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ የሚገኙበትን ከበስተጀርባው ጽፌልሃለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይህ ምን እንደሆነ ግን እጠይቃቸዋለሁ።

ለፋሲካ ያድርሳችሁ።

ጤናዬ ጥበቡ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጤናዬ፤

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡዎት አቶ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። ከነገሩዎት በኋላ እንጂ በፊት እንዳይሰጡዎት አደራ ብያቸዋለሁ። ስለዚህ ይህን ሲያነቡ ጋሼ ማረፉን ያውቃሉ። እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእሱንም ነፍስ በአባታችን አጠገብ ያሳርፍልን።

ያረፈው ጥር 4 ቀን ነው፤ ኩላሊቱ ነበር። እኔ ጠዋት የድሮው እድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ የእኛ እድር ጥሩምባ ነፊ ወደዚያ አይሄድም፤ የእነሱም ወደዚህ አይመጣም። ሱቅ የከፈተ ሰው ነው የነገረኝ። መንገዱን ተሻገርኩ። ድንኳኑ አፍ ላይ ስደርስ ሠራተኞቹ የጋሼን ባለ ሁለት መስመር ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ግን አልተነሳልኝም፤ ወንበርም አልቀረበልኝም። ሄራን፣ ልጁ፣ ብድግ ብላ አጠገቤ መጣችና፣ "አባቴ እስከ መጨረሻው በሩን ያይ ነበር፣ አጎቴ" አለችኝ። እንደዚህ ብላኝ ተመልሳ ተቀመጠች። ቆሜ ቆሜ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ሠራተኞቼ ሳይጠይቁኝ በእኔ ደጅ ሌላ ድንኳን ተክለው አገኘኋቸው። እዚያ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሬሳ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ድንኳን ነበር፤ አንዱ ጋ ያለቀሰ ሌላው ጋ አልመጣም።

ለእርስዎ ማን ይንገር የሚለው በሁለቱም ድንኳን ተነስቶ ነበር። እነሱ ዘንድ፣ ወንድሟ አለ አይደለም ወይ፣ ለእኅቱ መርዶ የሚልከው እሱ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ ደግሞ፣ ሬሳው የወጣው ከእነሱ ቤት ነው፣ የሟች ቤት ይልካል ተባለ። እኔም እንደላኩ አመንኩ። አለመላካቸውን ያወቅሁት ቱታዎቹን ያመጣችው ሴት ደጄ ላይ ቆማ የጋሽ ከፍያለው ቤት የት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነው።

በደብዳቤ ልጽፍልዎ አልቻልኩም። የእናታችንን ሞት ከፖስታ ውስጥ ብቻዎን አንብበው፣ ከእንግዲህ የሰው ሞት በወረቀት እንዳይላክብኝ ብለው የጻፉልንን አልረሳሁም። በጾሙ ተዳክመዋልና አይነገርዎ አልኩ። በፋሲካ ደግሞ መርዶ አይነገርም። እዚያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰምተው ኖሮ፣ የቤተሰቡን መልእክተኛ ሲጠብቁ ነው ዝም ያሉዎት። አይፍረዱባቸው።

አሁን ልመናዬ ይህ ነው። ይምጡ። ጥር ላይ ሙት ዓመቱ ነው። እርስዎ መሐል ካሉ ሄራን አንድ ድንኳን እምቢ አትልም። ያለ እርስዎ እንደገና ሁለት ይተከላል።

ወንድምዎ አሸብር


ሮም፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሸብር ጥበቡ፤

የወንድማችንን ነፍስ ይማር፤ ለአንተም ዕድሜ ይስጥህ። ደብዳቤህን አቶ ዘመንፈስቅዱስ እንዳዘዝካቸው በኋላ ሰጥተውኛል። እንዴት እንደተነገረኝ ደግሞ ልትሰማ ይገባሃልና በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ሳልለብስ፣ ከበታቼ የምትኖረው የባንግላዴሽ ሴትዮ በሬን እየደበደበች ቀሰቀሰችኝ። የእሷ ጣሊያንኛ ከእኔ ጆሮ ብዙም አይሻልም። እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና ወደ መንገዱ አመለከተችኝ። ከፖርቶኔው፣ ከሕንጻው መግቢያ በር፣ ፊት የአገሬ ሰዎች ቆመዋል። በአንድ በኩል አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ ሲኒትና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። በሌላ በኩል የሄራን ባል ወንድም፣ ኦስቲያ የሚኖረው ሩፋኤል፣ ከራሱ ሰዎች ጋር ቆሟል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ሄራንም ልካለች ለካ። አንተ ሰዎቹ ሥራ ስለማይገቡ ቅዳሜን አልክ፤ እሷም ቅዳሜን አለች። ላትነጋገሩ ምላችሁ ቀኑን ግን አንድ አደረጋችሁት።

ከላይ ሆኜ አይ ነበር። ሩፋኤል ጣቱን ወደ ቺቶፎኖው፣ ወደ በሩ መጥሪያ፣ ሲሰድ አቶ ዘመንፈስቅዱስ እጁን ያዙት። ሩፋኤል እጁን አስለቅቆ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሽማግሌው ደረቱን ገፋ አደረጉት። ምን ይባባሉ እንደነበር ኋላ ሲኒት ነገረችኝ። እሱ፣ "እኛን የላከን የሟች ቤት ነው፤ ቀድመን የምንገባው እኛ ነን" ይላል። እሳቸው፣ "ወንድም እያለ የልጅ ባል ወንድም መርዶ አይናገርም" ይሉታል። እኔ ግን አልሰማሁም። እኔ ያየሁት ከሁለት ቤት የተላከ ሁለት ጭፍራ ነው።

መርዶ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ በዚያ ሰዓት ነጠላ አዘቅዝቆ ሌላ ነገር ሊነግር የሚመጣ የለም። ከዚያም አሰብኩ። ለአንድ ሰው ሞት አንድ ቤት ነው የሚልከው። የከፍያለው ቤትም ልኳል፤ የአሸብር ቤትም ልኳል። እንግዲያው ሁለቱም ሞተዋል። ሌላ ምንም ሐሳብ አልመጣልኝም። አብራችሁ መኪና ውስጥ የነበራችሁ መሰለኝ፤ ታርቃችሁ እኔን ልትቀበሉ ስትዘጋጁ፣ ወይ መንገድ ላይ። ይህንንም አምኜ፣ ቢያንስ አብረው ነበሩ ብዬ፣ ደረጃውን ወረድኩ።

እስከ ታች አልደረስኩም። ደረጃው መሐል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሁለታችሁንም ስም እየጠራሁ ነው ያለቀስኩት፤ አንድ ጊዜ ከፍያለው፣ አንድ ጊዜ አሸብር እያልኩ። የባንግላዴሽዋ ሴትዮ በሩን ከፈተችላቸው። ሁለቱም ወገን እኩል ገብተው ደረጃው ላይ ተጋፉ። ስምህን ስጠራ ሲሰሙ ደነገጡ። ሩፋኤል ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ "እማማ፣ ኧረ አንዱ ብቻ ነው!" አለኝ። ሲኒት አፉን በእጇ ያዘችው። እኔም የቱ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን አስበው፤ አንዲት አሮጊት ደረጃ ላይ ተቀምጣ የትኛው ወንድሜ ነው ብላ ስትጠይቅ።

ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተቀመጡ። አንዱ ወገን በመስኮቱ በኩል፣ ሌላው በበሩ በኩል። ወንበር አንሶ ነበር፤ ማንም ለማንም አልተነሳም። የሩፋኤል ሰዎች የሲኒትን ምግብ አልቀመሱም።

ከጥር ጀምሮ የሞተ ሰው ስም ከሕሙማን ጋር አስጠርቻለሁ። አርባው ሳይወጣ እኔ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ቱታ እገዛ ነበር። ካህኑ ያውቁ ኖሯል፤ ወረቀቱን ግን እየተቀበሉኝ ኪሳቸው ይከቱት ነበር። አልፈርድባቸውም ካልኩህ ውሸት ይሆናል፤ እፈርድባቸዋለሁ፤ በአንተም እፈርዳለሁ፤ በሄራንም። በከፍያለውም እፈርድ ነበር፤ በሩን ከማየት ይልቅ ልኮ ሊያስጠራህ ይችል ነበር።

ስለ ሙት ዓመቱ ለምነኸኛል። አልመጣም። ትኬቱን ሲኒት መልሳልኛለች፤ እሷ ቤት ያለችውን ትርፍ ክፍል ሰጥታኛለች፤ ሻንጣዬም ወደዚያ ሄዷል። ድንኳኑን ራስህ ሄደህ ጠይቅ። ሄራን ካስገባችህ ግባ፤ ወንበር ካልሰጠችህ መሬት ላይ ቁጭ በል። ለእርቁ እኔን ምክንያት አታድርግ፤ እኔን ስትጠብቁ አንዳችሁ አልፏል።

አትምጣብኝ፣ አትጻፍልኝ ማለቴ አይደለም። በሕይወት እንዳለህ ሲኒት በጆሮዬ እየጮኸች ደጋግማ ነግራኛለች፤ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔርንም አመስግኛለሁ። ነገር ግን ልቅሶው ለሁለት ነበር የተጀመረው። እንዳስተካክለው ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አሁንም ሐዘን የተቀመጥኩት ለሁለታችሁ ነው።

እኅትህ ጤናዬ ጥበቡ